ሰባት፣ ስምንት፣ ስድስት

እኔ ፈንቴ ዛሬ በሕይወት ያለሁት ሲሚንቶ ላይ በጣት በተጻፈ ቁጥር ነው ስል ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። ጥም ያልያዘው ሰው ቢስቅ ምን ይፈረድበታል! እኔ ግን ውሃ በጠጣሁ ቁጥር የማመሰግናቸው ሰው አሉ። ስማቸው ሙሐመድጣሂር ነው። በሱዳን ጠረፍ፣ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወደ ሽንፋ ስትሄዱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በሰሊጡና በማሽላው መሀል፣ የድንጋይ ጉድጓዶች ታያላችሁ። የቆፈሯቸው እሳቸው ናቸው።

ከጎጃም የወረድሁት በኅዳር 1968 ነበር፣ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ። ከአገሬ ልጆች ጋር በእግር ስንገሰግስ ወባ ያዘኝ። ወባ ሰው አይመርጥም ይላሉ፤ እኔን ግን መርጦኛል። «ትንሽ ጥላ ይዤ እደርስባችኋለሁ» ብዬ ከአንድ ግራር ሥር ቀረሁ። ስነቃ ጓደኞቼ የሉም፣ መንገዱም የለም፣ ቅሌም ባዶ ነው። ዋልካው መሬት እግር እስኪውጥ ተሰነጣጥቋል። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ፣ ግማሹን በእግሬ ግማሹን በእጄ ስሄድ ክብ የሆነ ነገር አየሁ፤ የጉድጓድ አፍ ነው። በሲሚንቶው ላይ ሦስት ምልክቶች ተጽፈዋል። ያኔ ፊደልም ቁጥርም አላውቅም፤ የአስማት ጽሑፍ መስሎኝ አማተብሁ። ጎንበስ ብዬ ባይ ውሃው ከታች ያበራል፤ ገመድ የለኝም፣ ባልዲ የለኝም። ውሃ እያየሁ በጥም ልሞት ነው ብዬ አለቀስሁ። ዕንባም አልወጣኝ።

«ያ ዞል! እንዳትገባበት!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። በዚያ አገር የሱዳን አፍ ከአማርኛው ጋር ተደባልቋል፤ «አንተ ሰው» ማለታቸው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው ጭቃ የነካው ሰው ገመድ ጠምጥመው ይመጣሉ። ውሃውን ቀዱና ወዲያው አልሰጡኝም፤ መጀመሪያ በጣታቸው ከንፈሬን አረጠቡት። ከዚያ ጣሳውን አቀረቡልኝ።

«ቢስሚላሂ በልና ቅመስ» አሉኝ።

«በስመ አብ» አልሁ። ሌላ አልመጣልኝም።

«እሱም ያው ነው፤ ጠጣ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታቸው አልወጣሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ባለቤታቸው እትዬ ሐሚዳ የማሽላ አጥሚት እያጠጡ፣ ከገንዳ ውሃ የወባ ኪኒን እያስመጡ አስነሱኝ። ያልወለዱኝ እናት ናቸው። ስድን፣ «አያ ሙሐመድጣሂር፣ ውለታዎን በምን ልክፈል?» አልኋቸው። «ክንድ አለህ?» አሉኝ። «አለኝ።» «እንግዲያ ገመድ ያዝ።» በቃ፣ የገመድ ሰው ሆንሁ።

የጉድጓድ ሥራ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ታች፣ አንዱ ላይ። ታች ያለው ይቆፍራል፣ ላይ ያለው አፈሩን በባልዲ ይስባል። ታች ያለው ነፍሱ ላይ ባለው እጅ ናት፤ ስለዚህ አያ ሙሐመድጣሂር ገመዳቸውን የሚይዝ ሰው ሲመርጡ ከሚስት ምርጫ የበለጠ ይጠነቀቁ ነበር። «ሚስት ብትለቅህ ሌላ ታገባለህ» ይሉኝ ነበር፤ እትዬ ሐሚዳ እየሰሙ። ዋልካ ክፉ አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ አብጦ ይናዳል። ዋልካውን አልፈው ኮረቱ እስኪደርሱ ድረስ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ፤ ድጅኖው ኮረት ሲነካ «ተማም!» ይላሉ፣ ደህና ነው ማለታቸው ነው። እኔም እተነፍሳለሁ።

ጉድጓዱ አልቆ፣ ዙሪያው በድንጋይ ተገንብቶ፣ አፉ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን፣ ሳይደርቅ በሌባ ጣታቸው ሦስቱን ቁጥሮች ይጽፋሉ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ስድስት። ሁልጊዜ ያው ነው። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም ነው» አሉኝ። «በጣም አዛኝ፣ በጣም ሩኅሩኅ በሆነው በአላህ ስም። እኛ ያለሱ ሥራ አንጀምርም።»

«ታዲያ ለምን ስሙን አይጽፉትም?»

«አንተ ጅል! ከብት ይረግጠዋል፣ ባልዲ ይቀመጥበታል፣ ጭቃ ይረጭበታል። የፈጣሪ ስም በእግር ይረገጣል?» ከዚያ የገዳሪፉን ነገር አጫወቱኝ። በወጣትነታቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ለአንድ ሕንዳዊ እስላም፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ ዕቃ ይሸከሙ ነበር። ነጋዴው ከሱቁ በር ላይ፣ ከመጠቅለያው ወረቀት ላይ ይህንኑ ቁጥር ይጽፋል። ቢጠይቁት፣ «እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፣ ሲደመር ይህ ይሆናል። ወረቀቱ መንገድ ላይ ይጣላል፤ ስሙ ግን መሬት አይወድቅም» አላቸው። እሳቸውም ወደኛ አገር ሲመጡ ደገኛውም እንዲያነበው ብለው እኛ በምናውቀው ቁጥር ይጽፉት ጀመር። አንብቦ ምን እንደሚያደርገው አይጠየቁም።

ደገኛው ግን አወቀው። ከላይ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ሁሉ፣ «ሰባት ስምንት ስድስት ያለበት ቦታ ውሃ አለ» እየተባባለ ይወርድ ነበር። መሠረተ ትምህርት ሲመጣና እኔም ዳስ ገብቼ ስቀመጥ፣ መምህሩ «ቁጥር ቁጠር» ቢለኝ «ሰባት፣ ስምንት፣ ስድስት» ብዬ ዳሱን በሳቅ አፈረስሁት። እነዚያን ሦስቱን ከአንድና ከሁለት በፊት ነው ያወቅኋቸው።

ቁጥሩ ያልተጻፈበት ጉድጓድ አንድ ብቻ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ። እሱንም የቆፈሩት እሳቸው ናቸው፣ ለምግባቸው ብቻ። ሲጨርሱ መሪጌታ ይርዳውን ጠርተው፣ «ይህ የእናንተ ቤት ነው፤ የእናንተን ቁጥር ንገሩኝና ልጻፍ» አሏቸው። መሪጌታ ግራ ቀኝ አይተው፣ «ቁጥር እኔ አላውቅም» አሉ። ውሸት ነው። መሪጌታ በአበገደ ፊደል እየቆጠሩ የሰው ስም እንደሚያሰሉ አገር ያውቃል። ነገር ግን ደርጉ «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ ስለከለከለ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት «ትቻለሁ» ብለው ምለዋል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ጉድጓድ ባዶ ሆኖ ቀረ። አያ ሙሐመድጣሂር ባዶውን ቦታ ባዩት ቁጥር ቅር ይላቸው ነበር።

መስከረም 1973 ሊያልቅ ሲል፣ ሰሊጡ ሊታጨድ፣ ሠራተኛው ሊወርድ በተቃረበበት ሰሞን፣ ጓድ ፈረደ የሚባል ወጣት ካድሬ መጣ። ስሙ ፈረደ፣ ሥራውም መፍረድ። በድንበሩ በኩል ሽፍታ ተኩሶ ጠፍቶ ስለነበር፣ በዱር ያለውን ሁሉ ሊያይ ነው የመጣው። ጉድጓዶቹን የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ እኔን ሰጡት።

የመጀመሪያውን ሲያይ ፊቱ በራ። «ይህ ሰባት መቶ ሰማንያ ስድስተኛው ነው? እንዲህ ያለ ውሃ ልማት እዚህ አገር እንዳለ ማንም አልነገረን! የቀሩት የት አሉ?»

እኔ ምን ላውቅ! «ወደፊት ናቸው ጓድ» አልሁት።

ሁለተኛው ላይ ደረስን፤ ያው። ሦስተኛው ላይ ደረስን፤ ያው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ። «ሁሉም ላይ አንድ ከሆነ ቁጥር አይደለም» አለ። «ምልክት ነው። ምልክት ደግሞ ለሚያውቀው ሰው ነው የሚደረግ። በዚህ ዱር ውስጥ ውሃ የሚፈልግ ማን ነው?»

«እኔ» ልለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አያ ሙሐመድጣሂርን የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ አስጠራቸው። መሠረተ ትምህርት የሚሰጠው እዚያው ስለነበር ጥቁር ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። እኔና እትዬ ሐሚዳ ከበሩ ሥር ቆምን። ካድሬው ጠየቀ፤ እሳቸው እውነቱን ተናገሩ። ቢስሚላሂ ነው፤ ፊደሉ ሲደመር ይህ ይሆናል።

«ጥሩ። ደምረህ አሳየኝ።»

«እኔ ሂሳቡን አላውቀውም ጌታው። የነገረኝ ሕንዱ ነው።»

«ሕንድ? የውጭ አገር ሰው?»

አየሁ፤ እውነቱ ራሱ ሰውየውን ገደል እየከተተ ነበር። ጓድ ፈረደ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ፈሪ ነበር። ፈሪ ደግሞ ሥልጣን ሲይዝ ከክፉ ይብሳል። «ከሰዓት በኋላ መኪናው ወደ ጎንደር ይመለሳል» አለ። «እስከዚያ ይህ ቁጥር እንዳልከው መሆኑን ካላስረዳኸኝ፣ አንተ በመኪናው ትሄዳለህ፣ ጉድጓዶቹም ይደፈናሉ።»

በዚያ ዘመን «ወደ ጎንደር ተላከ» የተባለ ሰው ጉዳይ እንዴት እንደሚያልቅ የማያውቅ አልነበረም። ጉድጓዶቹም ቢደፈኑ፣ በዚያ ሳምንት ቁልቁል የሚወርደው ደገኛ ምልክቱን አምኖ መጥቶ አፈር ሊያገኝ ነው። የኔ ቢጤ ስንቱ ከግራር ሥር ሊቀር!

ሮጥሁ። መሪጌታ ይርዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ብራና ይፍቃሉ። ነገሩን ስነግራቸው ፍቀታቸውን አላቆሙም። «እኔ ፊደል መቁጠር ትቻለሁ ብዬ ምያለሁ። እዚያ ገብቼ ብቆጥር ሁለት ሰው ነው የሚጫን» አሉ።

«መሪጌታ፣ ያ ሰው ውሃዎን ነው የቆፈረ።»

አጠገባቸው ከጉድጓዱ የተቀዳ ውሃ በቅል ተቀምጧል፤ አነሱትና ሊጠጡ አፋቸው አደረሱት፤ መልሰው አስቀመጡት። «አይወርድልኝም» አሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ጭጭ ሊሉ ሲችሉ ስለተነሱ፣ እግዜር ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ።

አዳራሹ ስንደርስ ጓድ ፈረደ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «ይህ ቄስ የእስላም ነገር ምን ያውቃል?»

«የእስላም ነገር አላውቅም። ፊደል ግን አውቃለሁ» አሉ መሪጌታ። «የፊደሉን ስም በተራ የሚነግረኝ ሰው ስጡኝ።»

አያ ሙሐመድጣሂር ማንበብ አይችሉም። ሌላ የሚያውቅ ሲጠፋ እትዬ ሐሚዳ ከበሩ ሥር ወጣ አሉ። በልጅነታቸው ድንበሩን ተሻግረው ኸልዋ፣ የቁርኣን ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ መጻፍ ተምረው ነበር። ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው አንድ በአንድ ጠሩ፣ «ባ፣ ሲን፣ ሚም…»

መሪጌታ ለእያንዳንዱ ዋጋውን ይናገራሉ፤ ጓድ ፈረደ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። በ ሁለት። ሰ ሦስት መቶ። መ አርባ። እያለ እስከ መጨረሻው ወረደ። ካድሬው ደመረ። ደመረና ዞሮ አየን።

«አንድ ሺህ ሃያ ስድስት።»

ልቤ ቁልቁል ወረደች፤ ገመድ እንደተለቀቀው ባልዲ። አያ ሙሐመድጣሂር ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሪጌታ ላብ አጠመቃቸው፤ «ሁለት መቶ አርባ ይተርፋል… ከየት መጣ?» እያሉ ሰሌዳውን ያያሉ። ከውጭ ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ሰማን።

መሪጌታ ወደ እትዬ ሐሚዳ ዞሩ። «እመቤቴ፣ የፊደላችሁ ተራ እንዴት ነው የሚሄድ?»

«አሊፍ፣ ባ፣ ታ፣ ሳ…»

«ይህን አይደለም። ሌላ የጥንት ተራ የለም?»

እትዬ ሐሚዳ እንደ ማፈር ብለው፣ «ኸልዋ እያለን ልጆች እያጨበጨብን የምንለው ነበር። ትርጉሙን አላውቀውም» አሉ።

«ይበሉት!»

«አብጀድ፣ ሀወዝ፣ ሑጢ፣ ከለመን፣ ሰዕፈጽ፣ ቀረሸት…»

መሪጌታ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ካድሬውንም፣ መሐላውንም፣ መኪናውንም ረሱ። «አበገደ፣ ሀወዘ፣ ሐጠየ፣ ከለመነ፣ ሠዐፈጸ፣ ቀረሰተ!» ሲሉ አዳራሹ አስተጋባ። አንዱን ዜማ ሁለት ሰው እንደያዘው ነበር፤ የኛ ያልተማርነው ጆሮ እንኳ ለየው።

«የእኔው ጥፋት ነው!» አሉ ግንባራቸውን እየመቱ። «በግዕዝ ስም የሚጻፍ በእሳቱ ሰ ነው፤ እሱ ሦስት መቶ ነው። ልማድ ወሰደኝ፣ የራሴን ስም አስቤ የሰውን ስም ቆጠርሁ። እሳቸው ሲን ያሉት ግን ከለመን ከሚለው በኋላ የሚመጣው ነው፤ ንጉሡ ሠ ነው፤ ስድሳ! ጓድ፣ እሳቱን አጥፋና ንጉሡን ጻፍ!»

በዚያ ዘመን በካድሬ ፊት «ንጉሡን ጻፍ» ያለ ሰው መሪጌታ ይርዳው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጓድ ፈረደ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ሦስት መቶውን በመዳፉ አጠፋና ስድሳ ጻፈ። ከላይ ወደ ታች ደመረ። አላመነም፤ ከታች ወደ ላይ ደመረ። ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ሰባት መቶ ሰማንያ ስድስት» አለ ቀስ ብሎ።

አያ ሙሐመድጣሂር መሬት ላይ ቁጭ አሉና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ዕድሜ ልካቸውን የጻፉት ነገር እውነት መሆኑን ያዩት ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ በአንድ ነጋዴ ቃል አምነው ነበር የኖሩት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እያየሁ እኔም ዕንባዬ መጣ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ እምቢ ያለኝ ዕንባ ያን ቀን ወጣልኝ።

ካድሬው ሰሌዳውን ሙልጭ አድርጎ ጠረገ። «ሂሳቡ ልክ ነው። ጉድጓዶቹ አይነኩም» አለ። በሩ ላይ ሲደርስ መሪጌታን ሳያይ፣ «ዛሬ እዚህ ፊደል የቆጠረ ሰው አላየሁም» ብሎ ወጣ። ስለዚች ቃሉ እሱንም አመሰግነዋለሁ፤ ሰው የዋለለትን መካድ ነውር ነው።

አያ ሙሐመድጣሂር ገና ከመሬት ሳይነሱ፣ «መሪጌታ፣ እንግዲህ ቁጥር አላውቅም አይበሉኝ። የእናንተስ ስንት ነው?» አሉ።

መሪጌታ ሳቁ። «በስመ አብ… በ ሁለት፣ ሰ… አሁን እሳቱ ነው፣ ሦስት መቶ! መ አርባ፣ አ አንድ፣ በ ሁለት። ሦስት መቶ አርባ አምስት።»

«ሦስት፣ አራት፣ አምስት! የእናንተማ ለመያዝ ይቀላል» አሉ አያ ሙሐመድጣሂር። በሳምንቱ ሲሚንቶ አቡክተን የቤተ ክርስቲያኑን ጉድጓድ አፍ እንደገና ለሰንን፤ በዚያው በሌባ ጣታቸው ጻፉት። መሪጌታ አጠገባቸው ቆመው የአራቱን ጅራት አቃንተውላቸዋል።

በሚያዝያ፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ጊዜ፣ አንድ ላንድሮቨር እየጨሰ መጥቶ ከአያ ሙሐመድጣሂር ቤት አጠገብ ካለው ጉድጓድ ቆመ። ጓድ ፈረደ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ከኋላው ሾፌሩና ሁለት ታጣቂዎች አሉ። አያ ሙሐመድጣሂር ውሃ ቀዱ። እትዬ ሐሚዳ በጣሳ ሰጡት።

ጣሳውን ወደ አፉ አደረሰና ቆመ። እኔ ያን አቋም አውቀዋለሁ። እናቱ ያስተማረችው ነገር ከንፈሩ ላይ መጥቶ ተቀምጧል፤ ግን ታጣቂዎቹ ያያሉ፣ ካድሬ ደግሞ የፈጣሪን ስም አይጠራም። እነሱን አየ፤ ጉድጓዱን አየ፤ ሲሚንቶውን አየ።

«ሰባት መቶ ሰማንያ ስድስት» አለ በለሆሳስ።

አያ ሙሐመድጣሂር ገመዳቸውን እየጠቀለሉ ቀና አሉ። «እሱም ያው ነው፤ ይጠጡ» አሉት።

ጠጣ፤ ጣሳውንም ለሾፌሩ አቀበለ።